የመንገድ ታሪክ ክበባችን ዓመት፦ አውራ ጎዳና 66 የት ያበቃ ነበር?

ክበቡን ስንጀምር አንዳንድ ወላጆች «ልጆቹን አማርኛ አስተምሩልን እንጂ የአሜሪካ አውራ ጎዳና ምን ያደርግላቸዋል?» ብላችሁኝ ነበር። ያኔ ብዙ አልመለስኩም። አሁን ግን ልናገር። 11 ልጆች ዓመቱን ሙሉ ካርታ ያነበቡት፣ ማስታወሻ የያዙት፣ የተከራከሩትም በአማርኛ ነው።

የተነሳንለት ጥያቄ አንድ ነው። ቁጥራቸው የተቀየረ ወይም የተሰረዘ አሮጌ መንገዶች ድሮ የሚያበቁት የት ነበር? ከቺካጎ ተነስቶ እኛው ከተማ ሎስ አንጀለስ ድረስ ይመጣ የነበረውን አውራ ጎዳና 66ን መረጥን። እ.ኤ.አ. በ1926 ቁጥሩን ሲያገኝ የሚያበቃው መሀል ሎስ አንጀለስ፣ ሰባተኛና ብሮድዌይ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ ነበር። በ1936 ሳንታ ሞኒካ፣ ሊንከንና ኦሎምፒክ ጎዳናዎች መገናኛ ድረስ ተዘረጋ። ይህ ኦሎምፒክ ሊትል ኢትዮጵያ የተባለውን ሰፈር ነክቶ የሚያልፈው ያው ኦሎምፒክ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ተንጫጫ። በ1964 ካሊፎርኒያ የመንገዶቿን ቁጥር እንደ አዲስ ደለደለች። አንዱ መንገድ ሁለትና ሦስት ቁጥር እየተሸከመ አስቸግሮ ነበር። ያኔ 66 ወደ ፓሳዲና አፈገፈገ፤ በ1985 ቁጥሩ ጭራሽ ተሰረዘ።

የቅዳሜ ስብሰባዎቻችንን አልዘረዝርም። ካርታ፣ እርሳስ፣ ሻይ፣ ክርክር።

የሚያዝያውን ጉዞ ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጠዋት ብሮድዌይ፣ ከዚያ ሊንከን፣ በመጨረሻ ሳንታ ሞኒካ ወዳለው የባሕሩ ድልድይ (ፒር) ሄድን። ድልድዩ ላይ የ66 ማብቂያ ነው የሚል ታፔላ አለ፤ ቱሪስቱ ፎቶ ለመነሳት ተሰልፏል። የአንዷ ተማሪያችን አያት አብረውን መጥተው ነበርና «መንገዱ እዚህ ነው የሚያልቀው?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ክፍል ውስጥ አማርኛ ለመናገር የምታፍር ናት። ዝም ትላለች ብዬ ነበር።

«አይ እማማ፣ ይሄ በ2009 የተተከለ ነው። 66 እዚህ ድረስ መጥቶ አያውቅም። እውነተኛው...» አለችና ቃል አጣች።

አያትየው የነጠላቸውን ጫፍ አንስተው አሳዩዋት። «ይሄ ክሩ የሚታሰርበት ምን ይባላል? መቋጫ። የመንገዱ መቋጫ በይ።»

«እሺ። መቋጫው ከቦታ ቦታ ተቀይሯል» ብላ ዓመተ ምሕረቱን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ከሰልፉ ውስጥ አማርኛ የሚሰሙ አንድ ባልና ሚስት ወጥተው ቆመው አዳመጡ። እኔ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ።

ያልተሳካልንም አለ። የፓሳዲናው ጉዞ የተከራየነው ቫን ጠዋት ላይ ስለተበላሸ ቀረ። ሁለት ልጆች ቅዳሜያቸውን ለእግር ኳስ ሰጥተው ወጡ። ካርታ የሚታተመው ደግሞ እስካሁን ከአስተማሪ ኪስ ነው። አንድ ዓመት ይቻላል፤ ሁለተኛው ግን ይከብዳል። ለበዓል ድግስ ገንዘብ ማዋጣት እናውቅበታለን፤ ለልጆቹም እንወቅበት።

በሚመጣው ዓመት ያሰብነው አውራ ጎዳና 6ን ነው። ከ1937 ጀምሮ ሎንግ ቢች ድረስ ይመጣ ነበር፤ በ1964 ቢሾፕ የተባለች ከተማ ላይ ተቆረጠ። ሎንግ ቢች ቅርብ ነው። ቢሾፕ ግን ከአራት ሰዓት በላይ ያስነዳል፤ ሁለት ደህና መኪናና የአንድ ሌሊት ማደሪያ እንፈልጋለን። መርዳት የምትፈልጉ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍል አለን። ልጆቹ የሣሉት የ66 ካርታ ግድግዳው ላይ ነው፤ ሦስቱም ቦታዎች ላይ «መቋጫ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል።