የአውቶ ጥገና ክበብ፦ ከማርሚታ ሥር ያሳለፍነው ዓመት

መስከረም ላይ የክበባችን አባላት የዓመቱን ሥራ ሲመርጡ አብዛኞቹ የጓጉት ሞተር ለማውረድ ነበር። እኔ ግን ከማርሚታ፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ላይ ካለው የድምፅ ማፈኛ፣ እንድንጀምር ለመንኳቸው። የትምህርት ቤታችን ሰርቪስ ጠዋት ሲነሣ ግቢውን በጥቁር ጭስ ይሸፍነዋል፤ ያንን ጭስ የሚስቡት ደግሞ ለሰንደቅ ዓላማ የተሰለፉት ታናናሾቹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ካረጋገጠ (እ.ኤ.አ. 2012) ዓመታት አልፈዋል። ይህን ሲሰሙ የተቃወመኝ አልነበረም።

መጀመሪያ ያደረግነው ከአንድ ጋራዥ የተጣለ ማርሚታ ለምነን በግራይንደር ለሁለት መሰንጠቅ ነው። ብዙዎቹ ውስጡ ባዶ ቆርቆሮ መስሏቸው ነበር። ያገኙት ግን በላሜራ የተከፋፈሉ ክፍሎችና ጎናቸው በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ ቱቦዎች ነው። ጭሱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተመላለሰ ሲወጣ የድምፁ ሞገድ ከግድግዳው እየተመለሰ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የገረማቸው ግን ዝገቱ ነው፤ ቆርቆሮው የተበላው ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነበር። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። እንደኛ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም ከተማ፣ መኪናው ከቤት ገበያ ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ማርሚታው በደንብ ሳይግል ሞተሩ ይጠፋል፤ ውሃው እዚያው ይተኛል፣ ከነዳጁ ድኝ ጋር ተደባልቆ አሲድ ይሆናል። አንዳንድ ማርሚታ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ለዚህ ውሃ መውጫ ነው። ተበሳ ብሎ በብየዳ የሚደፍነው ሰው ብዙ ስለሆነ ልጆቹ ይህን ለወላጆቻቸው እንዲነግሩ አደራ ብያለሁ።

የሰርቪሱን ማርሚታ ያወረድነው ሞተሩ አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ብሎኖቹ ዝገው ስለተጣበቁ ቀድመን ዘይት አርከፍክፈን አሳደርናቸው። ልጆቹ ጓንትና ማስክ አድርገው ጎን ጎኑን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ መቱት፤ ጥላሸቱ በቁና የሚሰፈር ያህል ወረደ። ከዚያ አንዱን አፍ ደፍነን በሙቅ ውሃና በኦሞ ሞልተን አሳደርነው። ጥቁሩን ውሃ ቦይ ውስጥ እንዳይደፉት ከልክዬ በበርሜል አጠራቀምነው። ውስጡ የመስታወት ጥጥ ያለው ማርሚታ ግን በዚህ መንገድ አይታጠብም፤ ጥጡ ውሃ ይዞ ይቀራል። በአዲስ ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያው ጭስ እንዳያሾልክ በሚደረግ ማሸጊያ) ከገጠምነው በኋላ የቀረው እርጥበት ተንኖ እንዲያልቅ ሞተሩን እስኪግል አሠራነው።

ሳምንታት ሳይቆይ ጭሱ ተመለሰ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሹፌራችንን «ጋሼ፣ ታጥቦ አልነበር እንዴ?» ስትለው «እኔም እሱን ነው የምለው ልጄ» አላት። የዓመቱ ትልቁ ትምህርት የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው የሚበቃውን አየር አላገኘም ማለት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንኖር አየራችን ድሮውንም ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሰርቪሱ የአየር ፊልትሮ ደግሞ በአቧራ ታፍኖ ነበር። ፊልትሮው ተቀየረ፣ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኖዝሎችም ተፈትሸው ተስተካከሉ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ ሰኞ ሰኞ ጭስ ማውጫውን በነጭ ጨርቅ እየጠረጉ ያዩትን ይመዘግባሉ፤ ደረቅ ጥቁር ከሆነ የአየርና የነዳጅ ጉዳይ ነው፣ ቅባት ካለው ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው።

ከሁሉ በላይ የምኮራበት ሥራ ግን የአንድ ባልደረባችን የቤንዚን መኪና ነው። መስኮት ዘግቶ ሲነዳ ራሱን ያመው ነበር። ልጆቹ ሞተሩ እንደተነሣ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለአፍታ ሲይዙት ከወለሉ ሥር የሚያፏጭ ድምፅ ተሰማ፤ መጋጠሚያው ላይም ጥቁር መስመር አገኙ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰውን እንቅልፍ አስመስሎ ይገድላል። ባልደረባችን ወደ በያጅ ቤት የሄደው በዚያው ቀን ነው። በዚሁ መኪና ላይ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳውን ካታሊስትም አይተናል። ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተቀባው ይህ ዕቃ መርዛማውን ጋዝ ስለሚለውጥ «ጉልበት ይቀንሳል» ተብሎ መውጣት የለበትም።

አንድ ወላጅ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ማርሚታ መማር ለምን እንደሚጠቅም ጠይቀውኝ ነበር። መንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፤ የሚያጨሱትም እኛው ሰፈር ነው።

የጭስ መዝገቡን በመጪው ዓመት የሚረከቡት የ10ኛ ክፍል አባላት ናቸው። የሽቦ ብሩሽና ወፍራም ጓንት አልቆብናል። ያረጀ ማርሚታ ያላችሁ ወላጆች፣ በተለይ የባጃጅ፣ ሳትጥሉ ለወርክሾፓችን ብታደርሱልን ልጆቹ ይሰነጥቁታል።