አብረን ሳንሠለጥን አንላክ

ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ የምኖር የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ሠራተኛ ነኝ። ሰሞኑን ደቡብ ዋልታ ላይ ስለሚከርሙ ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልቤን የያዘው ብርዱ ሳይሆን ከመሄዳቸው በፊት የሚያደርጉት ዝግጅት ነው።

እዚያ ባለው የአሜሪካኖቹ አሙንድሰን ስኮት ጣቢያ 40 ያህል ሰው ይከርማል። ከየካቲት እስከ ጥቅምት፣ የሞት የሽረት ጉዳይ ካልሆነ በቀር፣ አውሮፕላን አይገባም። እሳት ቢነሳ የሚደወልለት የለም። ስለዚህ አናጢውም ሳይንቲስቱም ገና አገራቸው ሳሉ እሳት ማጥፋት አብረው ይለማመዳሉ። ደግም አደረጉ። በ1982 እ.ኤ.አ. እዚያው አንታርክቲካ ውስጥ፣ ቮስቶክ በተባለው የሶቪየት ጣቢያ የጄኔሬተሩ ቤት ተቃጥሎ አንድ ሰው ሞቷል። የቀሩት 20 ሰዎች በእጃቸው በሠሩት የናፍጣ ምድጃ እየሞቁ ነው የከረሙት።

እኛስ? ባለፈው ዓመት ስምንት ሆነን ወደ ቦረና ስንወርድ የተዋወቅነው መኪና ላይ ነው። አንድ ማታ ጄኔሬተሩ ሥር የፈሰሰ ናፍጣ ተቀጣጠለ። ወጥ ሠሪያችን ደንግጦ ባልዲ ውሃ ቸለሰበት፤ እሳቱ ጭራሽ ተስፋፋ። የእሳት ማጥፊያው መኪናው ላይ ነበር። ሦስት ሰው ተሻማበት። እጀታውን እንጨምቃለን፣ ፒኑ መነቀል እንዳለበት የሚያውቅ ግን የለም። የሁላችንም ታናሽ የሆነው ረዳት ነው አፈር በአካፋ እየዛቀ ያጠፋው።

የሪጉ (የመቆፈሪያ ማሽኑ) ኦፕሬተር ክንዱ ተቃጠለ። አንዱ ቡና እናድርግበት ይላል፣ ሌላው የጥርስ ሳሙና። ጤና ጣቢያ እስክንደርስ አራት ሰዓት ሙሉ እሱ እያቃሰተ እኛ ስንጨቃጨቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ናፍጣውን ማን ደፋው በሚል ሁለት ሰዎች ተኳረፉ። አንድ ድንኳን ውስጥ እያደሩ ሁለት ወር አልተነጋገሩም። እኔን ከእሳቱ ይልቅ ያደከመኝ ይሄ ነው።

በመጪው ወር ሌላ ቡድን ከዚሁ ከአዳማ ይነሳል። ሁለት የሥልጠና ቀን ይሰጠን ብዬ አለቆቼን ጠየቅኩ። ጊዜ የለም አሉኝ። ልጆቹ ግን በራሳችን ቅዳሜ እንገናኝ ብለው ተስማምተዋል። ሜዳም አግኝተናል። የጎደለን ማጥፊያና የሚያሳየን ሰው ነው። ይህን የሚያነብ የእሳት አደጋ ወይም የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ባለሙያ ካለ፣ እባካችሁ በእናንተ በኩል አገናኙን።

የቁፋሮ ሠራተኛ፣ ከአዳማ