ፖሊስ ልሆን ነው ላልሽኝ ልጄ

ልጄ፣

ሚሽታራ፣ ፖሊስ፣ ልገባ ነው ብለሽ ስትነግሪን ዝም ያልኩት ስለተቃወምኩሽ አይደለም። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነብኝ ነው። በዕብራይስጥ ልጻፍ ብል ደግሞ ሐሳቤ መንገድ ላይ ይቀርብኛል። አንቺም ጎንደር የተማርሽውን ፊደል አልረሳሽም፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ዓመቶቹን የጻፍኩልሽ እዚህ እስራኤል በምንቆጥረው ነው።

እናትሽ ፈርታለች። እሷ የምትፈራው ጩቤና ጥይት ነው። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። አንድ ቀን ከአለቃሽ ጎን ቆመሽ፣ ልክ እንዳልሆነ እያወቅሽ፣ እሱ የሚሠራውን አብረሽ እንዳትሠሪ ነው የምፈራው።

"ውጭ ቆሞ ከመጮህ ውስጥ ገብቶ መለወጥ ይሻላል" ነው ያልሽው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን እንደዛው ብሎ የገባ የአንድ ልጅ ታሪክ አለ፤ እሱን ልንገርሽ።

ጥቁሩ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ የሞተ ዕለት፣ ሜይ 2020፣ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ቦታው ላይ አራት ፖሊሶች ነበሩ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንገቱ ላይ የተንበረከከውን ዴሪክ ሾቪንን ነው። ጀርባውን ተጭኖ የያዘው ግን ጥቁር ወጣት ነበር። 26 ዓመቱ ነው፤ ሥራ ከጀመረ ገና ቀናት ናቸው። ፖሊስ የሆነው በጥቁሮችና በፖሊስ መካከል ያለውን ነገር ከውስጥ ሆኖ ለማስተካከል እንደነበር የሚያውቁት ሰዎች ኋላ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ሾቪን ለዚህ ልጅ ምኑ ነበር መሰለሽ? አሠልጣኙ።

እዚያው የነበረ ሌላ አዲስ ፖሊስ "በጎኑ ብናዞረውስ?" ብሎ ጠይቋል። ሾቪን እምቢ አለ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ጥቁሩ ልጅ ደግሞ የሰውየውን ትርታ ዳስሶ "አላገኘሁም" አለ። ይህን ብሎ ባለበት ቀጠለ። ሁለቱም ተፈርዶባቸው ታሠሩ።

ይሄን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አትጠይቂኝ። ልጁ ዘረኛ አልነበረም። ፈሪ ነበር ብዬም አልሰድበው። አዲስ ነበር። የሚገርመው ደግሞ፣ ባልደረባህ ያለ አግባብ ኃይል ሲጠቀም አስቁመው የሚል ግዴታ በዚያ ከተማ የፖሊስ ደንብ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ ተጽፎ ነበር። ወረቀቱማ ነበረ። ግን 19 ዓመት የሠራ ሰው፣ ያውም አሠልጣኝህን፣ እጁን ይዘህ "በቃ፣ ተነሥ" ማለት እንዴት ነው የሚቻለው? ይሄ በወረቀት አይመጣም። ልምምድ ይፈልጋል።

ኒው ኦርሊንስ የምትባለው የአሜሪካ ከተማ በዚያው በ2016 የጀመረችው ሥልጠና የነካኝ ለዚህ ነው። ፖሊሶቹ እርስ በርስ መተራረምን እንደ ተኩስ ይለማመዱታል። ጓደኛቸው ደሙ ሲፈላ እንዴት ከቦታው ዘወር እንደሚያደርጉት፣ ምን ብለው እንደሚጠሩት ይማራሉ። ዋናው ነገር ደግሞ ትልቁም ሰውዬ በትንሹ "አቁም" ሲባል እንዲቀበል መማሩ ነው። ያኔ ትንሿ ጣልቃ ስትገባ ከዳችን አይባልም። ኮርስሽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከሌለ ለምን እንደሌለ ጠይቂ።

እኔ ስለ ፖሊስ ብዙ አላውቅም። ስለ በር ግን አውቃለሁ። ካንየን፣ የገበያ ማዕከል፣ በር ላይ ጥበቃ ሆኜ ስንት ዓመት እንደቆምኩ ታውቂያለሽ። አንዱ አለቃ "የሁሉንም ቦርሳ ክፈቱ" ይላል። ሰልፉ ይረዝማል፣ ሰው ያጉረመርማል፣ ግን የሀብታሙም የድሃውም ቦርሳ ይከፈታል። ሌላ አለቃ ይመጣና "ሰው አታጉላሉ፤ የምትጠረጥሩትን ብቻ" ይላል። ያን ቀን መጥቶ ማየት ነበር! የሚከፈተው የዐረቡ ቦርሳ ነው። የጥቁሩ ነው። የነጯ አሮጊት በስንት አንዴ ነው። በሩ ላይ የቆምነው ክፉ ሰዎች ሆነን አይደለም፤ ግማሾቻችን ሐበሾች ነበርን። ዓይን የለመደውን ነው የሚመርጠው። ትእዛዙ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲለወጥ፣ ያው ሰው፣ ያው በር ላይ፣ ሌላ ሰው ይሆናል።

በ2016 የፖሊሱ ዋና ኮሚሽነር የነበሩት ሮኒ አልሼኽ ስለ እኛ ልጆች ተጠይቀው ሲመልሱ፣ ፖሊስ እነሱን ሲያይ ከሌላው ይልቅ ቢጠረጥር ተፈጥሯዊ ነው የሚል ነገር ተናገሩ። አገር ተንጫጫ፤ እኔም በግኜ ነበር። ሲበርድልኝ ግን ሰውየው ሳያስቡት እውነቱን እንደነገሩን ገባኝ። እንደዛ ማሰብ ለፖሊሱ ተፈጥሮ ከሆነበት፣ ለፖሊሱ ህሊና ብቻ ሊተው አይችልማ! ልጓም ያስፈልገዋል።

ልጓሙ እንዴት እንደሚመጣ ደግሞ ያየነው በመታወቂያው ጉዳይ ነው። ወንድምሽ ማታ ሲወጣ ተውዳት ዘሁቱን፣ መታወቂያውን፣ ከስልኩ በፊት እንደሚፈልግ ታውቂያለሽ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። "ጠበቃ" የሚባለው የእኛ ሰዎች ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ ጉዳዩን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው። በጃንዋሪ 2021 ፍርድ ቤቱ ፖሊስ ያለ በቂ ጥርጣሬ ሰው አስቁሞ መታወቂያ መጠየቅ እንደማይችል ወሰነ። የቆዳ ቀለም ጥርጣሬ አይሆንም ማለት ነው። እስቲ አስቢው፣ ስብከትም ስለ ወንድማማችነት ሴሚናርም ያላመጣውን የጠበቆች ክርክር አመጣው። መንገድ ላይ ሁሉም ያከብረዋል ወይ ካልሽኝ፣ ወንድምሽን ጠይቂ። ቢሆንም አሁን "በምን ምክንያት?" ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው፤ መመለስ ደግሞ ያንቺ ሥራ ሊሆን ነው።

ቀጥሎ ያለው የምትጽፊው ሪፖርት ነው። የእኛን ልጅ ዳማስ ፓካዳን አስታውሺ። በኤፕሪል 2015፣ ሆሎን ውስጥ፣ የወታደር ልብስ ለብሶ ነው ፖሊስ የደበደበው። መጀመሪያ ግን የታሠረው እሱ ነው፤ ፖሊስ መታ ተብሎ። የደኅንነት ካሜራ ቪዲዮ ባይወጣ ኖሮ ዛሬም ወንጀለኛው ዳማስ ነበር። ሚኒያፖሊስም የፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ ሰውየው በሕመም እንደሞተ የሚያስመስል ነበር፤ ዓለም እውነቱን ያወቀው አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በስልኳ ስለቀረጸችው ነው። ሁለት አገር፣ አንድ ዓይነት ወረቀት። ዱላው ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሰውን ዓመታት የሚያሠቃየው ከዱላው በኋላ የሚጻፈው ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው የጻፈውን፣ ያላየሽውን ነገር፣ አትፈርሚ። "ሁላችንም ፈርመናል" ይሉሻል። ይበሉ። ደረትሽ ላይ የሚሰጡሽን ካሜራ ደግሞ ውደጂው፤ አንቺንም የሚጠብቅሽ እሱ ነው።

ከዳማስ በኋላ ራቢን አደባባይ የነበረውን ሰልፍ ታስታውሻለሽ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ልጁን አቅፈው ፎቶ ተነሡ። የደበደበው ፖሊስ ከሥራ ተባረረ፤ ክስ ግን አልተመሠረተበትም። በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በ2016 ረጅም የምክር ዝርዝር አወጣ፤ በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል ተቋቋመ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን በ2019 ጃንዋሪ ባት ያም ውስጥ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ይሁዳ ቢያድጋ በፖሊስ ጥይት ሞተ። በጁን መጨረሻ ደግሞ ሰለሞን ተካ፤ ቂርያት ሐይም ውስጥ፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ተተኩሶ። ጥይቱ አስፋልት ላይ ነጥሮ ነው የመታው ተባለ፤ ክሱም በቸልተኝነት ሰው መግደል ሆነ። ያን ሰሞን መንገድ የዘጉት ልጆች የፖሊስን ጥፋት የሚመረምረውን ክፍል፣ ማሐሽን፣ አያምኑም ነበር። ማሐሽ በሕግ ከፖሊስ ውጭ ነው፤ ያለው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። አብዛኛው አቤቱታ ግን ክስ ላይ ሳይደርስ ይዘጋል። ስሙ ብቻ ከውጭ ቢሆን ምን ዋጋ አለው?

ስለ እኛ ብቻ የምናገር እንዳይመስልሽ። በኦክቶበር 2000 ዐረቦቹ ወጥተው 13 ሰው ሲሞት፣ በኋላ ያጣራው የኦር ኮሚሽን ፖሊስ ዐረብ ዜጎችን እንደ ጠላት ማየት ማቆም አለበት ብሏል። ተኳሽ ፖሊስ ግን አንድም አልተከሰሰም። ዩኒፎርሙን ስትለብሺ የእኛን ሰው ከጥፊ አድነሽ ሌላውን በጥፊ ብታስመቺ፣ እኔ አልኮራም።

ሪፖርት ብቻ እንደማያድን ከእንግሊዞቹ መማር ነው። ስቲቨን ሎረንስ የሚባለው ጥቁር ወጣት በ1993 ለንደን ውስጥ ሲገደል ፖሊስ ምርመራውን አበላሸው። በ1999 የማክፈርሰን ሪፖርት የለንደን ፖሊስ ተቋማዊ ዘረኝነት አለበት አለ። በ2023 ደግሞ የሉዊዝ ኬሲ ሪፖርት መጣና ያንኑ ደገመው። 24 ዓመት! በሰሜን አየርላንድ ግን ሌላ ነገር አደረጉ። እዚያ ጠቡ በካቶሊክና በፕሮቴስታንት መካከል ነው፤ ፖሊሱ ከሞላ ጎደል የፕሮቴስታንት ነበር። ከ2001 ጀምሮ ለአሥር ዓመት አዲስ ከሚቀጠሩት ግማሹ ካቶሊክ እንዲሆን በሕግ ተደረገ። 8 በመቶ ገደማ የነበሩት ወደ 30 በመቶ ወጡ። በዚያ ላይ ከፖሊስ ውጭ የሆነ፣ የራሱ መርማሪዎች ያሉት የአቤቱታ ቢሮ ተቋቋመ። ቁጥሩና ቢሮው አብረው ናቸው የሠሩት። ቁጥር ብቻውን ቢበቃማ በ2023 አሜሪካ፣ ሜምፊስ ውስጥ ታይሪ ኒኮልስን ደብድበው ለሞት ያበቁት አምስት ፖሊሶች ጥቁሮች ባልሆኑ!

እና ግቢ ነው የምልሽ ወይስ አትግቢ? ግቢ። ግን ብቻሽን አትግቢ። ካንቺ በፊት የገቡትን ሐበሾች ፈልጊ፤ የትኛው ጣቢያ፣ የትኛው አለቃ ሰው እንደሆነ ያውቃሉ። ወደ ሰፈራችሁ እንላክሽ ካሉሽ፣ ለፎቶ ነው ወይስ ለሥራ ብለሽ ጠይቂ። የእኛን ሕፃናት የምታቅፍ ፖሊስ ፖስተር ላይ ጥሩ ትወጣለች፤ ማን ይታሠር፣ ማን ይለቀቅ የሚለውን ግን የሚወስነው ሌላ ክፍል ነው። አንቺ ወደ ምርመራው፣ ወደ አሠልጣኝነቱ ነይ። ሾቪን የተቀመጠበት ወንበር ያ ነው። ትእዛዝ ሲሰጡሽ ደግሞ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ማታ ቤት ስትገቢ ቀኑንና ሰዓቱን በራስሽ ደብተር ያዢ። አንድ ቀን መውጣት ካለብሽም ውጪ። እዚህ ቤት ለምን ወጣሽ የሚልሽ የለም።

ወንድምሽ እንዳኮረፈ ነው። አንቺ ስለ ሥራሽ አትከራከሪው። በሚቀጥለው ሰንበት ስትመጪ ፖሊሶች ያስቆሙህን ቀን ንገረኝ በይው። የት ቆመው እንደጠሩት፣ በምን ድምፅ፣ እጁን የት አድርግ እንዳሉት፣ መጨረሻ ላይ ምን ብለው እንደለቀቁት አንድ በአንድ ጠይቂው፣ ሳታቋርጪም ስሚው። ቀኑን ግን ንገሪኝና ሥጋውን ቀደም ብዬ ልግዛ።

አባትሽ