ቅዳሜ የምንገዛውን መጽሐፍ እንወስናለን

ውድ አባላት፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፊርማ ካለባቸው መጻሕፍት በጋራ መጀመሪያ የምንገዛውን ለመወሰን ቅዳሜ በሐበሻ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ እንገናኝ።

የኔ ሐሳብ የጂሚ ካርተር ነው። ብዙ መጽሐፍ በእጃቸው ስለፈረሙ ዋጋው ያን ያህል አይጎዳም። የኬኔዲን ግን ተጠንቀቁ፤ ጸሐፊዎቻቸውም የፊርማ ማሽንም በስማቸው ፈርመዋል። ፕሬዚዳንት ግራንት የፈረሙበት የሕይወት ታሪካቸው አለ የሚላችሁ ካለማ ጭራሽ አትግዙ። ግራንት ያረፉት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1885 ነው፤ መጽሐፉ የወጣው ከዚያ በኋላ። ውስጡ ያለው የእጅ ጽሑፋቸው በማተሚያ ቤት የታተመ ነው።

የተፈረመ መጽሐፍ ያላችሁ ከነሽፋን ወረቀቱና ከነደረሰኙ አምጡ። አጉሊ መነጽር ያለውም ይያዝ።

መምጣታችሁንና ስንት ማዋጣት እንደምትችሉ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።