ላንግፎርድን አንደኛ ላድርገው?

ወዳጄ፣ እንደምን ከረምክ? ይህን ያህል ዘመን ድምፄን ማጥፋቴ ነውር ነው፤ በሞቴ ይቅር በለኝ። የቤተሰቡን ወሬ በሌላ ደብዳቤ እንጨዋወታለን። ዛሬ የአንተ ፍርድ ቸግሮኛል።

ለዓለም የከባድ ሚዛን ቀበቶ መጋጠም እየተገባቸው ዕድሉን የተነፈጉትን የጥንት ቡጢኞች በደረጃ እያሰፈርኩ ነው። አንደኛው ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አንተ ግትሩ፣ ፒተር ጃክሰን ብለህ ድርቅ እንደምትል አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ሳም ላንግፎርድ ነው እላለሁ። እስቲ ስማኝ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው)።

የጃክሰን በደል ግልጽ ነው። የጊዜው ሻምፒዮን ሱሊቫን ከጥቁር ጋር አልጋጠምም አለ፣ አለቀ። ጃክሰን በ1891 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከኮርቤት ጋር 61 ዙር ተጋጥሞ ዳኛው ግጥሚያውን ያለ ውጤት አስቆመው፤ በግንቦት 1892 ለንደን ላይ ስላቪንን በ10ኛው ዙር ጣለ። በዚያው ዓመት መስከረም ግን ሱሊቫንን ኒው ኦርሊንስ ላይ የገጠመውና በ21ኛው ዙር ቀበቶውን የወሰደው ኮርቤት ነው። ያንገበግባል! ቢሆንም እኔ የምለካው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ዕድሉን የወሰደውን ሰው ማን አሸንፎት ነበር? ጃክሰን ኮርቤትን አላሸነፈውም፤ ያለ ውጤት ነው የተለያዩት።

አሁን ወደ ላንግፎርድ ና። ጃክ ጆንሰን በታኅሣሥ 1908 ሲድኒ ላይ የጊዜውን ሻምፒዮን በርንስን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በ1912 ላስ ቬጋስ፣ ኒው ሜክሲኮ ላይ ቀበቶውን ለማን አቀረበ? ለጂም ፍሊን! ላንግፎርድ ግን ፍሊንን በ1908 በመጀመሪያው ዙር፣ በ1910 ደግሞ በ8ኛው ዙር ዘርሮታል። ሁለት ጊዜ የተዘረረው ተጋጠመ፣ የዘረረው ቀረ። ከዚህ የባሰው የፓሪሱ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን 1913 ጆንሰን ለቀበቶው ባትሊንግ ጂም ጆንሰንን ገጥሞ በ10 ዙር አቻ ወጣ። በማግስቱ እዚያው ከተማ ውስጥ ላንግፎርድ ጆ ጄኔትን በ20 ዙር በነጥብ አሸነፈ። ተፈላጊው ሰው እዚያው አጠገቡ ነበር እኮ!

በ1906 ቼልሲ፣ ማሳቹሴትስ ላይ ጆንሰን ላንግፎርድን በ15 ዙር በነጥብ ማሸነፉን ልታነሳብኝ ነው። ልክ ነህ፣ አሸንፎታል። ነገር ግን ያኔ ላንግፎርድ ገና ከባድ ሚዛን አልነበረም፤ ጆንሰን ከ10 ኪሎ በላይ ይበልጠው ነበር። እኔ የምከራከረው ከ1909 በኋላ ስላለው ላንግፎርድ ነው።

ውጤት ስትቆጥር ደግሞ አደራህን ተጠንቀቅ። ከ1911 እስከ 1917 በኒው ዮርክ ሕግ ግጥሚያው 10 ዙር ብቻ ነው፤ ዳኛውም አሸናፊ አያውጅም፤ ማን እንዳሸነፈ በማግስቱ የሚፈርዱት ጋዜጦች ነበሩ። ስለዚህ አንዱ መዝገብ ድል የሚለውን ሌላው ያለ ውጤት ይለዋል። ዝረራውን ለብቻ፣ የዳኛ ውሳኔውን ለብቻ፣ የጋዜጣውን ለብቻ ጻፈው፤ ከደባለቅከው ቁጥሩ ሁሉ ይፋለስብሃል። ሻምፒዮኖችን የጠቀማቸውም ይኸው ሕግ ነው፤ ዊላርድ በ1916 ሞራንን ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ሲገጥም፣ ካልተዘረረ በቀር ቀበቶውን የሚያጣበት መንገድ አልነበረም። የሽንፈት ብዛትም አያታልልህ። ጥቁሮቹ ቀበቶው ሲከለከላቸው እርስ በርሳቸው ደጋግመው ተጋጠሙ፤ ላንግፎርድና ሃሪ ዊልስ ብቻ ከ15 ጊዜ በላይ ተገናኝተዋል። እንዲህ ሲሆን ማንም ሽንፈት ይበዛበታል።

ዊልስ ላይ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እጄ ያመነታል። ላንግፎርድ በ1914ም በ1916ም ዘርሮታል፤ በኋላ ግን ላንግፎርድ ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ ዊልስ የበላይ ሆነ። በ1925 ከሻምፒዮኑ ዴምፕሲ ጋር ውል እስከ መፈራረም ደርሶ ነበር፤ ለዴምፕሲ የተሰጠው ቼክ ግን ገንዘብ የሌለው ሆነና ነገሩ ፈረሰ። በመስከረም 1926 ዕድሉ ለተኒ ተሰጠ። ውል ተፈርሞለት የቀረን ሰው ሦስተኛ ማድረግ ይከብዳል። አንተ ከጃክሰን ታስቀድመዋለህ?

አራተኛና አምስተኛው ጄኔትና ሳም ማክቬይ ናቸው። በ1909 ፓሪስ ላይ 49 ዙር ተፋልመው ጄኔት አሸንፏል። ጆንሰን ማክቬይን ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት 3 ጊዜ አሸንፎታልና ማክቬይን ከጄኔት በታች አደረግኩት። ጄኔት ደግሞ በ1905 ፊላዴልፊያ ላይ ጆንሰን ደንብ ጥሶ ስለተባረረ ድል አለው። ይህን ድል ልቁጠርለት ወይስ ልተወው? ቶሎ ጻፍልኝ፤ መልስህ እስኪመጣ ዝርዝሩን አልዘጋውም።

ወዳጅህ