«ወንድ ነው ሴት?» ከሚለው በፊት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አልትራሳውንድ የምትነሳ እናት ከአልጋው ሳትወርድ «ወንድ ነው ሴት?» ትላለች። «ከንፈሩስ ገጥሟል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የላይኛው ከንፈር እስከ 7ኛው፣ ላንቃ ደግሞ እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ይገጥማል። ሳይገጥም ሲቀር ስንጥቅ ይሆናል፤ የከንፈሩን ስንጥቅ ለማየት የሚመቸው ከ18 እስከ 22ኛው ሳምንት ነው። ፊቱን ከጎን ማየት የአገጭን ማነስ ያሳያል፤ የከንፈር ስንጥቅ የሚለየው ግን ከንፈሩና የአፍንጫው ቀዳዳዎች ፊት ለፊት ሲታዩ ነው። ፅንሱ ፊቱን በእጁ ከሸፈነ እናትየው ጥቂት ተንሸራሽራ ትመለስ። ስንጥቅ ከተገኘ ልብና አንጎሉም ተደግሞ ይታይ። አገጩ በጣም ካነሰ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ትንፋሽ ሊዘጋ ስለሚችል፣ የሕፃናት ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ትውለድ።

ላንቃ ብቻ ሲሰነጠቅ ግን አጥንት ስለሚጋርደው አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ አያሳየውም። ስለዚህ አዋላጇ የተወለደውን ሕፃን ምላስ ዝቅ አድርጋ፣ በባትሪ እስከ እንጥሉ ትይ። በጣት መዳሰስ ብቻውን የኋላውን ስንጥቅ ያሳልፋል።

ቀድሞ ማወቅ ከሁሉ የሚጠቅመው ለአመጋገቡ ነው። ከንፈሩ ብቻ የተሰነጠቀ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ጡት ይጠባል። ላንቃው የተሰነጠቀው ግን አፉ አየር ስለሚያስገባ መሳብ ያቅተዋል፤ ጡቱን ይዞ ይደክማል እንጂ አይጠግብም። የእናቱ ጡት ታልቦ፣ በተቀቀለ የቡና ሲኒ ይሰጠው። ቀና አድርጎ ይዞ፣ የሲኒውን ጠርዝ ታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፎ ወተቱን ከንፈሩ ላይ ማድረስ ነው፤ አፉ ውስጥ አይደፋበትም። ከአንድ ሳምንት በኋላ 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል፤ በ8 ጊዜ ሲከፈል በአንዴ 55 ያህል። በአፍንጫው ትንሽ ቢመለስ አያስደነግጥ፤ ቆም ብሎ አስግስቶ መቀጠል ነው። በየሳምንቱ ይመዘን። ቅቤ ማላስ ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ ወደ ሳንባ ይገባል።

«ምን አይተሽ ነው?» እየተባለች የምትወቀስ እናት ታሳዝነናለች። ዘር፣ አልኮል፣ ሲጋራና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ድርሻ አላቸው፤ እርግማን የለበትም። መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ሳታረግዝ ሐኪሟን ታማክር፣ በራሷ ግን አታቋርጥ።

የከንፈሩ ቀዶ ሕክምና ከ3 እስከ 6 ወር፣ ክብደቱ 4 ኪሎ ተኩል ሲሞላ፣ የላንቃው ከ9 እስከ 18 ወር ይሠራል። ስማይል ትሬን የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በኢትዮጵያ ያለ ክፍያ እንዲሠራ ይደግፋል።

የምንጠይቀው በአልትራሳውንድ ውጤቱ ወረቀት ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ነው፦ «ከንፈር፦ ታይቷል፣ አልታየም»። አልታየም ከሆነ የቀጠሮው ቀን አብሮ ይጻፍ።

የእናቶችና ሕፃናት ጤና ባለሙያዎች፣ ከደሴ