ኮንቴይነራችን በሚያልፍበት ባሕር ሥር

ጅቡቲ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ትራንዚተር ነበርኩ። ስለ ባሕር የማውቀው መርከብ መቼ እንደሚገባ፣ ኮንቴይነር መቼ እንደሚወርድና ዲመሬጅ (የመዘግየት ቅጣት) መቼ መቁጠር እንደሚጀምር ብቻ ነበር። ውኃውን እንደ አስፋልት ነበር የማየው። ዕቃ ያመጣል፣ በቃ።

አንድ ዓርብ ባልደረባዬ ጎትቶ ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ወዳለችው ሙሻ ደሴት ወሰደኝ። መነጽር አጠለቁልኝና ፊቴን ውኃ ውስጥ ነከርኩ። ሥሩ ኮራል ነው። ሸማ ተራ ያለውን ቀለም ሁሉ አንድ ሰው እዚያ የደፋው ነው የሚመስለው። ዓሣው በመንጋ ያልፋል፤ ሰው መኖሩንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከስምንቱ ዓመት ሰባቱን ከዚህ በላይ ቆሜ ወረቀት ሳስፈርም ነበር የከረምኩት። አፈርኩ።

ኮራል ድንጋይ አይደለም፣ ተክልም አይደለም። እንስሳ ነው። ትንንሽ እንስሳት አብረው እየኖሩ ከባሕሩ በሚወስዱት ካልሲየም የኖራ ድንጋይ ቤት ይሠራሉ፤ ቤቱ ተደራርቦ ሲገዝፍ ሪፍ ይባላል። ሥጋቸው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ አልጌ በደባልነት ይኖራል። ደባሉ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል፤ ኪራዩን የሚከፍለው በምግብ ነው። ያ ሁሉ ቀለምም በአብዛኛው ከደባሉ የመጣ ነው። ውኃው ከለመደው የሙቀት ጣሪያ 1 ዲግሪ ያህል በልጦ ለሳምንታት ከቆየ ግን ይጣላሉ። ኮራሉ ደባሉን ያስወጣል፣ ይነጣል፣ ይራባል። ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደለት ይሞታል። በፈረንጆች ሚያዝያ 2024 ሳይንቲስቶች ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ለአራተኛ ጊዜ መከሰቱን አስታውቀዋል። ሪፍ ከባሕር ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሸፍንም፤ ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉ ግን ኑሯቸው ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው።

«አገራችን ስንት ችግር እያለባት ኮራል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናቴም ብላኛለች። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ባሕር የለንም ስንል ነው የምንውለው እንጂ ኮራልስ አለን። አፋር ውስጥ፣ በደናክል ዝቅተኛ ቦታ ዳር ዳር፣ የደረቀ የኮራል ሪፍ ተገትሮ ይታያል። የዛሬ 120 ሺህ ዓመት ገደማ ቀይ ባሕር እዚያ ድረስ ይገባ ነበር። በኋላ መግቢያው ተዘጋ፣ ውኃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ የዚያ ባሕር ትራፊ ነው። ባሕሩ ሲሄድ ኮራሉ ምን እንደሚሆን አፋር ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። እናቴ ዝም አለችና «ስንት ነው የምትፈልጉት?» አለችኝ።

ወደምንፈልገው ልምጣ። በመጪው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ስድስት ሰዎች ሆነን ለዘጠኝ ቀን ሙሻና መስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ያለውን ሪፍ ልንቆጥር ነው። ሁለቱ ከኢትዮጵያ የሚመጡ የባዮሎጂ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው፤ ሁለቱ የጅቡቲ ጠላቂዎች፣ አንዷ አውሮፓ ያደገች የባሕር ሳይንስ ባለሙያ። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ያው የለመድኩት ነው፣ ዕቃና ወረቀት።

መቁጠር ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። 50 ሜትር ሜትሮ ሪፉ ላይ ይዘረጋል። ጠላቂው በሜትሮው ላይ ቀስ ብሎ እየዋኘ በሕይወት ያለውን፣ የነጣውን፣ የሞተውን፣ የተሰበረውን ይመዘግባል። ከጎኑ ሌላው በካሜራ ይቀርጻል። የስዊዘርላንድ ሎዛን ተመራማሪዎች ከእንዲህ ዓይነት ቪዲዮ የሪፉን ካርታ በደቂቃዎች የሚያወጣ ሶፍትዌር ስለሠሩ፣ ቀረጻውን በጥንቃቄ ማስቀመጥ ዋጋ አለው። በዓመቱ እዚያው ቦታ ተመልሰን ስንቆጥር ልዩነቱ ይታያል። የመጀመሪያው ቆጠራ ከሌለ ግን «ድሮ እኮ ያምር ነበር» ከማለት አናልፍም። የእስራኤል ተመራማሪዎች በፈረንጆች 1962 እና 1965 ኤርትራ ጠረፍ ያሉት ዳህላክ ደሴቶች ድረስ ሄደው የመዘገቡት ዛሬም የሚጠቀሰው ለዚህ ነው።

ጅቡቲ ለምን? አንደኛ፣ የአገራችን የገቢና ወጪ ዕቃ ከሞላ ጎደል በዚያ ነው የሚያልፈው። የምንበላው ስንዴና የምንቀዳው ነዳጅ በዚያ ውኃ ላይ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው የሳይንስ ነው። የሰሜኑ የቀይ ባሕር ኮራል፣ በተለይ የአቃባ ባሕረ ሰላጤው፣ ሙቀት ቻይ መሆኑ ታውቋል። በፈረንጆች 2013 የወጣ አንድ ጥናት ምክንያቱን ሲገምት፣ ከበረዶው ዘመን በኋላ ወደ ሰሜን የሄደው ኮራል በመጀመሪያ የደቡቡን ትኩስ ውኃ ማለፍ ነበረበት ይላል። ያልቻለው እዚያው ቀርቷል። በዚህ ግምት ደቡቡ ዛሬም ወንፊቱ ነው፤ ጅቡቲም ያለችው በዚያ መግቢያ ላይ ነው። የተጠናው ግን ከሰሜኑ ባነሰ ነው።

ጠቅላላ ወጪው 14 ሺህ ዶላር ሲሆን 9 ሺህ 200ው ተገኝቷል። የጎደለን 4 ሺህ 800 ነው። ትልቁን የሚበላው ጀልባና ነዳጅ ነው። ከዚያ የመጥለቂያ ዕቃ ኪራይ፣ ኢንሹራንስና 12 የውኃ ውስጥ ሙቀት መመዝገቢያዎች አሉ። መመዝገቢያዎቹ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጡም፤ ሪፉ ላይ ታስረው ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱን ይጽፋሉ። አንዱ ከነማሰሪያው 100 ዶላር አይሞላም፤ አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አንድ ዕቁብ አንዱን ቢሸፍን የሚያስገባው ጠላቂ የሸፈኑትን ሰዎች ስም ላዩ ላይ ይጽፍበታል። ተማሪዎቹ ከአዲስ አበባው የለቡ ጣቢያ እስከ ጅቡቲው ናጋድ በባቡር ይመጣሉ፤ አውሮፕላን አላሰብንም።

ገንዘቡ የሚገባው በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የጋራ ሒሳብ ነው። ሒሳብ ያዣችን ለዓመታት የሰፈራቸውን እድር መዝገብ የያዙ እናት ናቸው፤ አንድ ብር ቢጎድል እንቅልፍ አይወስዳቸውም፣ እኛንም አያስተኙንም። ደረሰኝ ለሁሉም ይሰጣል። ስንመለስ የወጣውን በዝርዝር፣ ቪዲዮውንም ጭምር ለሰጡን ሁሉ እንልካለን።

ገንዘብ የማይመቻችሁ ዕቃ ስጡን። የውኃ ውስጥ ካሜራ፣ የማትጠቀሙበት የመጥለቂያ ልብስ፣ ትርፍ ሃርድ ዲስክ። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ፣ እዚያ የምትጠልቁ እንዳላችሁ ሰምተናል፤ ቁም ሣጥናችሁን እስቲ ፈትሹ። ፈረንሳይኛ የምትችሉ ደግሞ የፈቃድ ደብዳቤዎቹን ብታዩልን ትልቅ ውለታ ነው። የእኔ ፈረንሳይኛ ከጉምሩክ ቅጽ አያልፍም።

የጀልባው ባለቤት ቀብድ የሚጠብቀው እስከ ኅዳር 30 ነው። ከዚያ ካለፈ ለቱሪስት ያከራየዋል፣ ነግሮናልም።